ሐሙስ ተነሳ፣ አርብ ነከሰ

ሐሙስ ዕለት ሞተሩ ተነሳ። አርብ ዕለት ነክሶ፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ፣ ቆመ። ሲነክስም ባዛሜንቶውን፣ ሌላው የሞተሩ ዕቃ የሚታቀፍበትን ቤት፣ አልማረውም፤ አሉሚኒየሙ ተሰበረ።

ዕለቱ ፌብሩዋሪ 12 እና 13 ቀን 1903 ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ፣ ከአንድ ብስክሌት ቤት ኋላ ያለ የሥራ ክፍል። የቤቱ ባለቤቶች ዊልበርና ኦርቪል ራይት ናቸው፤ ባለሞተር አውሮፕላን በመጀመሪያ ያበረሩት ወንድማማቾች። ሞተሩን በእጁ የሠራው ግን ሠራተኛቸው ቻርሊ ቴይለር ነው።

ስለ ራይት ወንድማማቾች ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ስለ ክንፉ ነው፣ አለዚያም ስለዚያች የ12 ሰከንድ በረራ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሞተሩ ነው። የአውሮፕላን የፒስተን ሞተር፣ ፋብሪካ ሳያየው፣ በሰፈር ጋራዥ ተሠራ። በማግስቱ ተሰበረ። እዚያው ጋራዥ እንደገና ተሠርቶ በዓመቱ መጨረሻ በረረ። ቤቱ ሞተር አውርዶ የማደስ ሐሳብ ያለው ሰው ይህን ጉዳይ ረጋ ብሎ ቢያየው አይቆጨውም።

ሞተር የሚሸጥ ጠፋ

በ1902 መኸር ወንድማማቾቹ ሞተር የሌለው ተንሸራታች አውሮፕላናቸውን በደንብ ተቆጣጥረውት ነበር። የቀረው ጉልበት ነው። ዲሴምበር ላይ ለበርካታ የመኪናና የሞተር ፋብሪካዎች ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፦ 8 ወይም 9 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ፣ ከ82 ኪሎ የማይበልጥ፣ ብዙ የማይንቀጠቀጥ ሞተር።

8 የፈረስ ጉልበት ማለት ዛሬ ሰፈር ለሰፈር የምትሽሎከሎክ ባጃጅ የሚኖራት ዓይነት ጉልበት ነው። በዚያ ዘመን ግን ያን ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ከባድ ነበር። ቀላል ሞተር ሠርቶ ለሁለት ብስክሌት ነጋዴዎች ለመሸጥ የፈለገ ፋብሪካም አልተገኘም።

ቁጥሩ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ነው። ሰዎቹ 8 ያሉት ገምተው አይደለም። ክንፎቹን በትንሽ የነፋስ ዋሻ (ነፋስ በሚነፍስበት ሳጥን) ፈትነዋል፤ አየሩ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚገፋቸው አስልተዋል። ከዚያ ተነስተው ከዚህ ያነሰ ጉልበት አያነሳንም፣ ይህን ያህል ካገኘን ይበቃናል አሉ። በጋራዥ ሥራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሚበቃውን ሳያውቅ ምርጡን ይፈልጋል። ምርጡ ደግሞ አያልቅም።

ቻርሊ

ቴይለር በ1868 የተወለደ ማሽኒስት ነው። ወንድማማቾቹ በ1901 በሰዓት 30 ሳንቲም ሊከፍሉት ቀጠሩት። መጀመሪያ የፈለጉት እነሱ ለበረራ ሙከራ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲሄዱ ብስክሌት ቤቱን እንዲጠብቅላቸው ነበር። የቤንዚን ሞተር ልምድህ ምን ያህል ነው ቢባል፣ መልሱ አንድ ጊዜ የአንድ መኪና ሞተር ለመጠገን መሞከሩ ብቻ ነው። በዛሬ የቅጥር ማስታወቂያ መጀመሪያ የሚጣለው ማመልከቻ የእሱ ይሆን ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ማሽን ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ) እና ቁም ትራፓኖ (ብረት የሚበሳ) ነው። ሁለቱንም በቀበቶ የሚያዞራቸው በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነበር፤ ያንንም እዚያው ነው የሠሩት። ሌላው የእጅ መሣሪያ ነው።

ወግ ያለው ንድፍ አልነበረም። ሦስቱ ሰዎች ስለ አንድ ዕቃ ያወራሉ፣ አንዱ በቁራጭ ወረቀት ይሞነጭራል፣ ቴይለር ወረቀቷን ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ሚስማር ላይ ይሰካትና ሥራውን ይጀምራል። ዕቃው ሲያልቅ ቀጣዩ ወረቀት ይሰካል። እንዲህ እያሉ ሞተሩን በስድስት ሳምንት ጨረሱ።

የክራንክሻፍቱ ነገር

ከሁሉም ዕቃ ክራንክሻፍቱን ላሳያችሁ።

ክራንክሻፍት ማለት የፒስተኖቹን መውጣት መውረድ ወደ መሽከርከር የሚቀይረው፣ እንደ ክርን እየታጠፈ የሚሄደው ብረት ነው። ዛሬ ፋብሪካ ብረቱን አግሎ በቅርጽ ይቀጠቅጠዋል። ቴይለር ግን ያለው አንድ ዝርግ የብረት ጡብ ነው፦ 79 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 15 ወርድ፣ 4 ውፍረት። ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ።

በጡቡ ላይ የክራንክሻፍቱን ቅርጽ ሣለ። ከዚያ ትራፓኖውን ይዞ በመስመሩ ዳር ዳር ቀዳዳ በቀዳዳ አደረገው፤ አንዱ ቀዳዳ ከሌላው ሊገናኝ እስኪደርስ። ቀጥሎ መሮና መዶሻ። በቀዳዳዎቹ መሃል የቀረችውን ቀጭን ብረት እየመታ ትርፉን ጡብ አወለቀው። አሁን እጁ ላይ ያለው ሸካራ፣ ጥርሳም፣ ግን ክራንክሻፍት የሚመስል ነገር ነው። ያንን ቶርኖ ላይ አስሮ ማለስለስ ጀመረ።

ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መሃል ለመሃል የሚሽከረከር ዘንግ ማለስለስ ቀላል ነው። ክራንክሻፍት ግን ክርኖቹ ከመሃሉ የወጡ ናቸው። አንዱን ክርን ስታለሰልስ ሌላው የብረቱ ክፍል በዙሪያህ እየተወራጨ ይዞራል። የመቁረጫው ጫፍ ትንሽ ከጠለቀ ይነክሳል፣ ብረቱ ይዘላል፣ ሥራው ያበቃል። ሁለተኛ ጡብ፣ ሁለተኛ ሳምንት።

አልተበላሸበትም። ሲያልቅ ክራንክሻፍቱ 8 ኪሎ ተኩል ገደማ መዘነ። ከጡቡ ሦስት አራተኛ በላይ የሆነው ብረት ወለሉ ላይ ቀረ። ሚዛኑም ልክ መጣለት።

እኔ ስለዚህ ሰው ሌላ ምንም ባላውቅ ይህች ሥራ ትበቃኝ ነበር።

የቀረው ዕቃ

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። አራት ሲሊንደር፣ በጎናቸው የተጋደሙ። የሲሊንደሩ ስፋት 10 ሳንቲሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞም ያንኑ ያህል። ሙሉ መጠኑ 3.3 ሊትር። ሲሊንደሮቹ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ተሠርተው በጥርስ ባዛሜንቶው ውስጥ የሚጠመዘዙ ናቸው። ፒስተኑም ከዚያው ዓይነት ብረት ነው፤ በየአንዳንዱ ላይ ሦስት ፋሻ (ቀለበት) አለ። ባዛሜንቶው ብቻ ክብደት ለመቀነስ ከአሉሚኒየም እዚያው ዴይተን ከተማ ማቅለጫ ቤት ተፈሰሰ።

ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር የለውም። ቤንዚኑ ከፍ ብሎ ከታሰረ ትንሽ ታንክ በራሱ ክብደት እየወረደ አንድ ጠፍጣፋ ገንዳ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ሞተሩ ሲግል ገንዳውም ይግላል፣ ቤንዚኑ ይተንና ከአየር ጋር ወደ ሲሊንደሩ ይሳባል። ነዳጅ የሚረገጥበት የለም። አንዴ ከተነሳ ፍጥነቱን ትንሽ መለወጥ የሚቻለው የእሳቱን ሰዓት በማስቀደምና በማዘግየት ብቻ ነው።

ካንዴላም የለውም። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ የሚነካኩ ሁለት ብረቶች አሉ፤ ሲላቀቁ እሳት ይረጫሉ። መብራቱን የምትሰጠው ማግኔቶ ደግሞ ከቮላኖው፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ጋር እየተፋተገች ትዞራለች። ለማስነሳት ባትሪ ድንጋይ ይጠቀማሉ፣ ከተነሳ በኋላ ባትሪው መሬት ይቀራል። ለምን ይሸከሙታል?

የመግቢያ ቫልቮቹን እየገፋ የሚከፍታቸው ካም (ጉብታ ያለው የሚዞር ብረት) የለም። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲሳብ በመምጠጡ ኃይል ይከፈታሉ፤ ደካማ ሞላ መልሶ ይዘጋቸዋል። የጭስ ማውጫዎቹ ብቻ በካቴና በሚዞር የካም ዘንግ ይሠራሉ። እንግዲህ የብስክሌት ሰዎች አይደሉ? ካቴና የማይገባበት ቦታ አልነበራቸውም።

ማቀዝቀዣው ውሃ ነው፤ የውሃ ፓምፕ ግን የለም። ውሃው ሲሊንደሮቹን ብቻ ይከባል። ቫልቮቹ የተቀመጡበት ቤት ምንም ውሃ አያገኘውም። ስለዚህ ሞተሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ ያ ቦታ እንደ ፍም ይቀላል። ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንዶች 16 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሲግል የሚገባው አየር አስቀድሞ ይግላል፣ ይሳሳል፣ ጉልበቱ ወደ 12 ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ይረጋል።

ዛሬ ይህን ሞተር መካኒክ ፊት ብታስቀምጡት ይስቃል። በዚያ ዘመንም ቢሆን የተሻለ ሞተር ነበር፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አርብ

ሐሙስ ተነሳ ብያለሁ። አርብ እንደገና አስነሱት። ቤንዚን እየተንጠባጠበ ብሮንዚናዎቹ፣ ዘንጉ የሚዞርባቸው ማረፊያዎች፣ ላይ ደረሰ።

ቤንዚን ዘይት ያጥባል። ብሮንዚና ደግሞ የሚኖረው በዘይት ነው፤ በእሱና በሚዞረው ብረት መሃል ያለችው ስስ የዘይት ሽፋን ከታጠበች ብረት ከብረት ይገናኛል። ይግላል፣ ያብጣል፣ ይጣበቃል። ቮላኖው ግን አሁንም መዞር ይፈልጋል። ከ11 ኪሎ በላይ ብረት በፍጥነት እየዞረ ሳለ ዘንጉ በድንገት ሲነክስ ጉልበቱ የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዘንጉን የያዘው ባዛሜንቶ። ተሰበረ።

ስህተቱ የማን ነው? ከፈለጋችሁ የነዳጁ አወራረድ ነው፤ ያለ ካርቡራተር በሚንጠባጠብ ነዳጅ መሥራት ዋጋ አለው። ግን አስተውሉ፣ ከዚያ በኋላም ካርቡራተር አልሠሩለትም። በ1903 የበረረው ሞተር ያንኑ ገንዳ ይዞ ነው የበረረው። የተሰበረውን ዕቃ ብቻ ደግመው ሠሩ። አንዳንዱ ሰው ይህን ግትርነት ይለዋል። እኔ ግን ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ይህ ሞተር ዕድሜው ሁሉ ተደምሮ ጥቂት ደቂቃ ቢያበርራቸው ይበቃቸዋል። አዲስ የነዳጅ መሣሪያ ማለት አዲስ ጣጣ ማለት ነው።

አዲሱ የአሉሚኒየም ቀረጻ እስኪደርስ ሁለት ወር ጠበቁ። ኤፕሪል 20 ደረሰ። የጠበቁበትን ጊዜ ግን አላባከኑም። አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋው የአየር ማራገቢያ (ፕሮፔለር) ጥናት ብዙ ጊዜያቸውን የወሰደው በእነዚያ ወራት ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ማራገቢያ የሚዞር ክንፍ ነው ብለው ተነሱ፤ ሲከራከሩ ይውሉና ማታ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ይዞ ይገኝ ነበር ይባላል። መጨረሻ ላይ ከእንጨት በመጥረቢያና በመላጊያ የጠረቡት ማራገቢያ ከሞተሩ ጉልበት 75 በመቶ ገደማውን ወደ ግፊት ይቀይር ነበር። ደካማ ሞተር ያለው ሰው ጉልበቱን ሌላ ቦታ እንዲያባክን አይፈቅድም።

ሞተሩ በሜይ እንደገና ተነሳ። 8 ይበቃናል ብለው 12 አገኙ። በትርፉ ምን አደረጉ? ለፍጥነት አላዋሉትም። አውሮፕላኑ 68 ኪሎ ገደማ እንዲጨምር ፈቀዱና ክንፉንና ሌላውን አካል አጠነከሩበት።

ስለዚያ አሉሚኒየም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። 8 በመቶ ገደማ መዳብ ያለበት ድብልቅ ነው። በ1994 ፍራንክ ጌይልና ማርታ ጉድዌይ የተባሉ ተመራማሪዎች የራይት ባዛሜንቶን በማይክሮስኮፕ መርምረው አንድ ነገር አሳተሙ። ብረቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ መዳብ የበዛባቸው ደቃቅ ክምችቶች አሉ፤ አሉሚኒየሙን ያጠነከሩት እነሱ ናቸው። ዛሬ አብዛኛው የአውሮፕላን አሉሚኒየም የሚጠነክረው በዚሁ መንገድ ነው። ነገሩ ግን ከ1903 በኋላ ጀርመን አገር አልፍሬድ ቪልም የደረሰበት ነው። ዴይተን ውስጥ የሆነው ቀረጻው ሲቀዘቅዝ በቀረው ሙቀት ሳይታሰብ ነው። ማንም አላወቀም። አቅላጩም፣ ቴይለርም፣ ወንድማማቾቹም።

ማስቲሽ

ሴፕቴምበር ላይ ሁሉንም ጭነው ወደ ኪቲ ሆክ ሄዱ፤ ሰሜን ካሮላይና፣ አሸዋና ነፋስ። ቴይለር ዴይተን ቀረ።

ኖቬምበር 5 ሞተሩን አውሮፕላኑ ላይ አስነሱት። ሞተሩ እሳት ይስታል፤ አንዴ ይተኩሳል፣ አንዴ ይዘላል። ያ ነጠቃ በካቴናው በኩል ወደ ማራገቢያዎቹ ዘንጎች ደረሰ። ካቴናው የሚያያዝባቸው ጥርሳም ጎማዎች ላሉ፣ ዘንጎቹ ተጎዱ። ዘንጎቹ ክፍት ቱቦ ነበሩ። ፈትተው ወደ ዴይተን ላኩለት። ቴይለር በወፍራም ቱቦ ሠርቶ መለሰላቸው፤ ኖቬምበር 20 ደረሰ።

ገጠሙት። ጥርሳም ጎማዎቹ አሁንም ይላላሉ። ዳዶውን የቻሉትን ያህል ያጠብቃሉ፣ ሞተሩ ሲነሳ ይፈታል። እንደገና ያጠብቃሉ፣ እንደገና ይፈታል። እንደዚህ ያለ ዳዶ ያላጋጠመው መካኒክ ካለ ይንገረኝ።

መፍትሔው ከብስክሌት ቤቱ ይዘውት ከመጡት ዕቃ ውስጥ ተገኘ፤ ጎማ የሚጣበቅበት ማስቲሽ። ዘንጉንም ጥርሳም ጎማውንም አጋሉ፣ ማስቲሹን አቅልጠው ጥርሶቹ ውስጥ አፈሰሱ፣ እንደገና አጠበቁት። ሲቀዘቅዝ ያዘ። ከዚያ ወዲያ አልተፈታም። ዛሬ በየጋራዡ ብሎን ጥርስ ላይ የምትንጠባጠበው ማጣበቂያ ያኔ አልነበረችም፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ኖቬምበር 28 ደግሞ አንዱ ዘንግ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አዩ። እዚህ ላይ ቱቦውን ትተው ድፍን ዘንግ ይሻለናል አሉ። ኦርቪል ራሱ በባቡር ዴይተን ሄዶ ከድፍን የሞላ ብረት አሠርቶ ዲሴምበር 11 ተመለሰ።

የተሻለው ሞተር

ኦርቪል በዚያ ጉዞ ላይ ሳለ፣ ዲሴምበር 8፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሌላ አውሮፕላን ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ። የሳሙኤል ላንግሊ ነበር፤ የስሚዝሶንያን ተቋም ኃላፊ። ከጦር ሚኒስቴር 50,000 ዶላር ተሰጥቶታል። ኦክቶበር 7 ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው ያለቀው።

የላንግሊ ሞተር ድንቅ ነበር። መጀመሪያ ስቲቨን ባልዘር ጀመረው፣ አልሆነም። ቻርልስ ማንሊ ያንኑ ወስዶ ከሥሩ ቀየረው፤ አምስት ሲሊንደር በኮከብ ቅርጽ፣ 52 የፈረስ ጉልበት፣ ከነውሃው 94 ኪሎ ገደማ። ከራይቶቹ ከአራት እጥፍ በላይ ጉልበት፣ ብዙም ባልራቀ ክብደት። ማንሊ በሙያው ከቴይለር ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ይህን ለመካድ ምክንያት የለኝም።

ግን ያ ሞተር የተገጠመበት አካል አልቻለውም። ሁለቴም ከማስወንጨፊያው እንደተለቀቀ ወደቀ። አብራሪው ማንሊም ሁለቴ ከወንዙ በሕይወት ወጣ። ራይቶቹ ለጠቅላላው ሥራ ከባቡር ትኬት ጋር ያወጡት 1,000 ዶላር አይሞላም።

ዲሴምበር 17 እንደገና ሐሙስ ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 7 ቀን 1896 ዓ.ም.። ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ይደርሳል፣ ኩሬው በረዶ ሠርቷል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ኦርቪል ተነሳ፤ 12 ሰከንድ፣ 36 ሜትር ተኩል። እኩለ ቀን ላይ ዊልበር በአራተኛው በረራ 59 ሰከንድ ቆየ፤ 260 ሜትር። ከዚያ ቆመው ሲያወሩ ነፋስ መጣና አውሮፕላኑን ገለበጠው። ሞተሩ የቆመበት የባዛሜንቶ እግር ተሰበረ። የዚያ ሞተር የበረራ ሥራ እዚያ ላይ አበቃ። አራቱ በረራዎች ተደምረው ሁለት ደቂቃ አይሞሉም።

ዛሬ ቤታችሁ ብትሞክሩት

አንድ አጋጣሚ አለ፣ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። ሴስና 150 የተባለችውን ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ሞተሯ ኮንቲኔንታል ኦ-200 ይባላል። አራት ሲሊንደር፣ በጎናቸው የተጋደሙ። መጠኑ 3.3 ሊትር ነው፤ ከራይቶቹ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ክብደቱም ሩቅ አይደለም። ጉልበቱ ግን 100 ፈረስ ነው። በመሃሉ ያለው ልዩነት የነዳጅ፣ የቫልቭ፣ የሙቀትና የብረት እውቀት ነው፤ 12ቱን 100 ያደረገው ያ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ሞተር ቤቱ ጋራዥ አውርዶ የሚያድስ የአውሮፕላን ባለቤት አለ፤ እውነተኛ ነገር ነው። ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ግን ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን መካኒክ ሥራውን በአካል መከታተልና በመጨረሻ መዝገቡ ላይ መፈረም አለበት። ቃሉንም ይጠነቀቁለታል። ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ለክቶ፣ ያረጀውን ቀይሮ፣ ገጥሞ መፈተን አንድ ነገር ነው። ሞተሩን ከዜሮ ሰዓት እንደ አዲስ የሚያስጀምር እድሳት ግን ለአምራቹ ወይም አምራቹ ለፈቀደለት ብቻ የተተወ ነው። ጋራዥ ውስጥ የቱንም ያህል ቢያምር የሞተሩ ያለፈ ሰዓት አይሰረዝም።

ሥራውም ራሱ ከቤት ይወጣል። ክራንክሻፍቱ በማግኔት ኃይልና በብረት ዱቄት ስንጥቅ እንዲፈለግበት ወደ ልዩ ወርክሾፕ ይላካል፤ ኖቬምበር 28 ኪቲ ሆክ ላይ በዓይን የተገኘችው ዓይነት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣ በዓይን ሳትታይ በፊት ማለት ነው። ባዛሜንቶውም እንዲሁ ይመረመራል። ቤት የሚቀረው መፍታት፣ ማጠብ፣ በማይክሮሜትር መለካት፣ መግጠም ነው።

የ1903ቱ ብልሽቶች ግን ዛሬም እንዳሉ ናቸው። ቤንዚን የበዛበት ሞተር አሁንም የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል። ሙቀት አሁንም መጀመሪያ የሚበላው የጭስ ማውጫ ቫልቩን ነው። ከገጠሙ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሞተሩን ሙቀትና ዘይት በቅርብ መከታተልም የአርብን ዓይነት ቀን ለማስቀረት ነው።

የቀረው ብረት

የተሰበረው ሞተር በሳጥን ታሽጎ ዴይተን ተመለሰ። ወንድማማቾቹ ለ1904 አዲስ ሞተር ሠሩ፤ አሮጌውን ማንም አልጠገነውም። በ1906 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ የአውሮፕላን ወዳጆች ማኅበር ኤግዚቢሽን አዘጋጀ፤ ወንድማማቾቹ አውሮፕላናቸውን ማሳየት አልፈለጉም፤ የሞተሩን ክራንክሻፍትና ቮላኖ ግን ላኩ።

ሌላው ዕቃ ዴይተን ቆየ። በ1913 ከተማዋን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት ሳጥኖቹ ጭቃ ውስጥ ተዋጡ። በ1916 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አዲሶቹን ሕንፃዎቹን ሲመርቅ አውሮፕላኑን ለማሳየት ጠየቀ። ዊልበር ከአራት ዓመት በፊት ሞቷል። ኦርቪል ሳጥኖቹን አስከፍቶ ጭቃውን አስጠረገና አውሮፕላኑንም ሞተሩንም እንደገና አስገጣጠመ። የጎደለውን ከኋለኛ ሞተር ዕቃ ተበድሮ ሞላው። በ1928 አውሮፕላኑ ለንደን ሙዚየም ገባ፤ በ1948 ዋሽንግተን ተመለሰ። ዛሬም እዚያ ነው።

ቴይለር ግን በ1903 ያወጣውን ክራንክሻፍት ዋሽንግተን ሄዳችሁ አታዩትም። ከዚያ ዝርግ ጡብ በትራፓኖ፣ በመሮና በቶርኖ የወጣው 8 ኪሎ ተኩል ብረት ከ1906ቱ የኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን አልተመለሰም። ቮላኖውም አብሮት ጠፋ።